የመጋዝ ጥርስ

አያቴ ባረፉ በዓመታቸው፣ አቦከር ካለው ቤታችን ቆጥ ላይ አንዲት የቆዳ ከረጢት ወረደች። በውስጧ አንድ አሮጌ የፈቃድ ወረቀትና ቀለሙ የጠፋ የጨርቅ ጥቅል ነበር። ጨርቁ ሲፈታ የመዳፍ ያህል ርዝመት ያላት ሽጉጥ ወጣች። ዝገቷ የቡና ገለባ ይመስላል። ምላጯ አይሳብም፣ መዶሻዋ አይቆምም፣ ስድስት ጥይት የሚጎርሰው ከበሮዋ አይዞርም። አጎቴ ግን አንዴ ገልበጥ አድርገው አዩአትና ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነውን ቃል ደገሙት፦ «ይቺ ከራምቦ እጅ የተገዛች ናት።»

ሐረርን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዐይነት ንግግር አይስተውም። በጀጎል ውስጥ አርተር ራምቦ ያልተቀመጠበት ወንበር፣ ያልጠጣበት ፍንጃል የለም። «ራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው፣ ባለቀለም መስታወት የተገጠመለት ውብ የእንጨት ፎቅ እንኳ ገጣሚው ካለፈ በኋላ በአንድ የህንድ ነጋዴ እንደ ተሠራ ነው የሚታመነው። ሰው የሚወደውን እንግዳ በሌለበትም ቤት ያሳድረዋል። እኛም በበኩላችን በጨርቅ ጠቅልለን ቆጥ ላይ አሳድረነው ኖረናል።

አጎቴ ይህን ሲናገሩ ዐይናቸው የበራው ያለ ምክንያት አልነበረም። የፓሪሱን ጨረታ ሰምተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አዲስ አይደለም፤ ለማስታወስ ያህል ልንገረው። ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ገጣሚው ፖል ቬርሌን በዚያው ቀን ጠዋት በገዛት ሽጉጥ ወጣቱን ራምቦን ሁለት ጊዜ ተኮሰበት። አንደኛዋ ጥይት ግራ አንጓውን መታችው፤ ሁለተኛዋ ሳተችው። ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሽጉጧ «ለፎሾ» የምትባል፣ ባለ ሰባት ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጎራሽ ነበረች፤ መለያ ቁጥሯ 14096 ነው። ከፍርዱ በኋላ ወደ ሸጣት ነጋዴ ተመለሰች፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይታ በግለሰብ ሰብሳቢ እጅ ገባች፤ ኅዳር 30 ቀን 2016 ፓሪስ ላይ በክሪስቲ ጨረታ ቀርባ 434,500 ዩሮ አወጣች። ከስድሳ ሺህ ዩሮ ታልፋለች ብሎ የገመተ አልነበረም።

የእኛዪቱም ስድስት ጎራሽ ናት። የእኛዪቱም ባለ ሰባት ነች። የአጎቴን የልብ ምት ከዚህ ወዲህ ማረጋጋት አልተቻለም።

ሦስት ነገር ፈለጉ። አንደኛ፣ እንደ መስታወት እንድታበራ። ሁለተኛ፣ በልጃቸው ሠርግ ላይ አንዴ እንድትተኮስ። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ፈረንጅ እንዲገዛት። ወረቀቷን በሕጉ መሠረት በስማቸው አዛወሩ፤ አንድ ጥቅል የብርጭቆ ወረቀትም ገዝተው መጡ። እኔ ግን በብርጭቆ ወረቀቱ እንዳይጀምሩ ለመንኳቸውና፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድን።

ምርጫው ያስቃል? የፈረስ መጋላን አደባባይ ከጊድር መጋላ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ያለፈ ሰው አያስቀውም። ያ መንገድ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው፤ «መኪና ግርግር» ይባላል። የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ከማንም የቀጠነ ካቻቪቴ፣ ከማንም የታገሠ እጅ አለው። ደግሞም ሽጉጥና የስፌት መኪና የአንድ ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በሞላ፣ በጥርስና በመርፌ የሚኖሩ።

ሽማግሌው ሽጉጧን ሲቀበሉ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር አፈሙዟን ወደ ግድግዳው ማዞር ነው። ቀጥለው ከበሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። ለፎሾ የሚባለው ዐይነት ጥይት ከዛሬው ይለያል፤ ከቀለሁ ጎን፣ ከበስተ ኋላው፣ አንዲት የመርፌ ያህል ዘንግ ወደ ውጭ ብቅ ብላ ትታያለች። መዶሻው የሚመታው ያቺን ዘንግ ነው፤ ዘንጓ ወደ ውስጥ ገብታ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። ስለዚህ ከበሮው ዳር ለዳር ስድስት ትንንሽ ስንጥቆች አሉት፤ በስንጥቆቹ ዘንግ ካልታየ ሽጉጧ ባዶ ናት ማለት ነው። ሽማግሌው ግን በዚህ አልረኩም። «ዘንጉ ተሰብሮ ጥይቱ ሊቀር ይችላል» አሉና ቀጭን የእንጨት ስንጥር በአፈሙዟም፣ በየጉድጓዱም አስገብተው ለኩ። ባዶ ነበረች።

ከዚያ ላምባ መጣ። አጎቴ መዶሻና ፒንሳ ጠብቀው ነበር። ሽማግሌው ግን ሽጉጧን በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጠቀለሏትና፣ «በሳምንቱ ኑ» አሉን። ዘይት ለረጅም ዘመን ሲቀመጥ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ተሰበረ የሚባለው ብረት የተጣበቀ ብረት ነው። በጉልበት የዞረ ከበሮ ግን በእውነት ይሰበራል።

በሳምንቱ ስንመለስ ከበሮው በጣት ይዞር ነበር። በለሰለሰው ዝገት ሥር፣ በከበሮው ጀርባ ላይ፣ የምስር ፍሬ የማታህል ምልክት ብቅ ብላለች፦ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ኢ፣ ኤል፣ ጂ፤ ከሥራቸው ኮከብ። ይህ የቤልጂጓ የሊዬዥ ከተማ የመሣሪያ መፈተኛ ቤት ማኅተም ነው። ያ ቤት ከ1672 ጀምሮ በከተማዋ የሚሠራውን አፈሙዝ ሁሉ በባሩድ እየፈተነ ያለፈውን ያትማል። በ1893 በእንቁላሉ አናት ላይ ዘውድ ተጨመረበት። የእኛዋ ዘውድ የላትም። እንግዲህ ከ1893 በፊት የተፈተነች ናት።

አጎቴ የብርጭቆ ወረቀታቸውን ጥቅል ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። አንድ ጊዜ ጠረግ ቢያደርጉት ኖሮ ያቺ ምልክት ከዝገቱ ጋር ትሄድ ነበር፤ ከእርሷም ጋር ሽጉጧ ስለ ራሷ የምትናገረው ብቸኛ የተጻፈ ቃል።

እዚህ ላይ ከሽማግሌው ጠረጴዛ ጥቂት እንራቅና፣ እንዲህ ያለ ብረት ወደ ሐረር እንዴት ይመጣ እንደ ነበር እንመልከት።

በጥር 1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሰነበተ። የወቅቱ አሚር አሕመድ ይባላሉ። እንግዳው ለአሚሩ እጅ መንሻ ከሰጣቸው ነገሮች አንዷ ስድስት አፍ ያላት ሽጉጥ ነበረች፤ ለወሰደላቸውም ሰው አሠራሯን አስረዳው። (ስትበላሽ ምን እንደሚደረግ ግን ማን ያስረዳ! ያ ጥያቄ ለከተማው ሰው ተተወ።) በ1875 በራኡፍ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘና ዐሥር ዓመት ገዛ፤ ሬሚንግተን ጠመንጃ ታጥቆ መጥቶ በ1885 ሲወጣ ከትጥቁ ከፊሉን ትቶ ሄደ። አሚር አብዱላሂ ያንን ይዘው ነው በጨለንቆ የምኒልክን ጦር የገጠሙት። በ1887 መጀመሪያ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች።

በዚያው ወቅት ራምቦ በበረሃ መንገድ ላይ ነበር። በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር የመጣው የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆኖ፣ በባርዴይ ኩባንያ ተቀጥሮ ነው። በ1885 ከኩባንያው ተለየና ጠመንጃ ለምኒልክ ለመሸጥ ተዋዋለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ምስጢር አልደበቀም፦ ዕቃው አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለው፣ በቆብ የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ ይገዛል፤ ሸዋ ላይ በአርባ ፍራንክ ያህል ይሸጣል። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ። ሌላው ተስፋ ያደረገበት ፈረንሳዊ ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ 2,040 ጠመንጃ በግመል ጭኖ በጥቅምት 1886 ብቻውን ተነሣ። በየካቲት አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ እንጦጦ ናቸው፤ ለዚያውም ሐረርን ይዘው፣ ብዙ መሣሪያ ማርከው። ዋጋው ወደቀ። የላባቱ አበዳሪዎች ነን ባዮችም ከየአቅጣጫው ተነሡ። ከተረፈው ገንዘብ ከፊሉን እንዲከፍሉት ወደ ሐረሩ ገዥ ወደ መኰንን ተመራ፤ በግንቦት 1887 ሐረር ገባ።

በሽጉጥ አንጓውን የተመታ ልጅ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የጠመንጃ ነጋዴ ሆነ። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ተገርመዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ብረት ሲመጣ አሮጌ ሆኖ መምጣቱ። ዛሬ «ጥንታዊ» ብለን የምናከብረው መሣሪያ ከታጁራ ወደብ ሲወርድ ቀድሞውኑ ያረጀ ነበር፤ ሞላው የላላ፣ ብሎኑ የተበላ። አገልግሎ የሰጠው የዚህ አገር ሰው ስላዳነው ነው። የገዥዎቹና የነጋዴዎቹ ስም በመጻሕፍት ሞልቷል። የጠጋኞቹን ስም ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

ቋንቋችን ግን አንዳንድ ነገር አስቀርቷል። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ያሉት በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ፤ የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ አልቢኒ «አልቢን»፣ ማንሊሐር «ምንሽር»። «ጠመንጃ» ራሱ ከቱርኩ «ታባንጃ» የመጣ ነው፤ ታባንጃ በቱርክኛ ደግሞ ሽጉጥ ማለት ነው! ትንሿ በመንገድ ላይ ረዝማ ደረሰችን። ለትንሿ የራሳችን ስም አወጣንላት፤ ከመታጠቂያ ሥር የምትሸጎጥ ናትና «ሽጉጥ»። የባዕድን ብረት ተቀብሎ በራስ አፍ መጥራት እርሱም አንድ ዐይነት ጥገና ነው። ይህን ስጽፍ ግን የማስበው ገና ያልነገርኳችሁን ነገር ነው።

ወደ ሽማግሌው ጠረጴዛ እንመለስ።

ከበሮው በጣት ቢዞርም ምላጩ ሲሳብ አይዞርም፤ መዶሻውም ወደ ኋላ ተጎትቶ በዝግታ፣ እንደ ደከመ ሰው፣ ይመለሳል። በሽታው ከውስጥ ነው። ሽማግሌው ካቻቪቴውን በሞረድ ሳሉት፤ የአሮጌ ብሎን ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ወፍራም ካቻቪቴ አናቱን ይበላዋል። በወረቀት ላይ የሽጉጧን ሥዕል ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን ሲያወጡ በሥዕሉ ላይ ቦታው አስቀመጡት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የዛሬ ብሎን ወንድም አለው። የዚህ ዘመን ብሎን ወንድም የለውም» አሉኝ። አንዱን በሌላው ቦታ ማግባት ክሩን ማጥፋት ነው።

የእጀታው ብሎን አናት ላይ የቆየ ጭረት ነበረ። «ከእኔ በፊት ሰው ገብቶበታል» አሉ። እንጨቱን አነሡ።

በእጀታው ሆድ ውስጥ መዶሻውን የሚገፋው ትልቁ ሞላ ይቀመጣል፤ ጠፍጣፋ፣ ጎበጥ ያለ ብረት። ያየነው ግን ሊዬዥ የተሠራ አልነበረም። በአንድ ጎኑ በኩል፣ እንደ ሕፃን ድድ፣ አምስት ትንንሽ ጥርሶች ነበሩበት፤ ግማሽ ድረስ ተሞርደው የቀሩ። ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መጋዝ ነው» አሉ።

አንድ ሰው፣ የትና መቼ እንደ ሆነ በማይታወቅ ቀን፣ የተሰበረውን የቤልጂግ ሞላ አውጥቶ ጣለ። በምትኩ የእጅ መጋዝ ቆርጦ፣ በእሳት አግሎ፣ አጉብጦ፣ ውሃ ወይም ዘይት አጠጥቶ፣ በሞረድ ልክ አስገባው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ብረቱ ከልክ በላይ ከጠነከረ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ ከለሰለሰ ይታጠፋል። መካከሉን የሚያውቀው የጠነከረው ብረት እንደገና ሲሞቅ የሚለዋውጠውን ቀለም ማንበብ የሚችል ዐይን ብቻ ነው። ሰውዬው ጥርሶቹን ሙሉ በሙሉ ያላጠፋው ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል፤ ምናልባትም ማንም አያየውም ብሎ። ከእንጨት ሥር የሚቀመጥ ነገር ነውና።

ከበሮውን የምታዞረው ትንሿ ብረት ደግሞ ከጀርባዋ የሚገፋት ቀጭን ሞላ ጠፍቷል። ከበሮው ምላጩን የማይሰማው ለዚህ ነው።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ አዲስ ሞላ ይሠራላታ» አሉ። «በዚህ አሮጌ መጋዝ ልትሸጥ ነው?»

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። እርሳቸውም ቢሆኑ ስንመጣ አዲስ ሞላ ለመሥራት ዋጋ ነግረውን ነበር፤ ገንዘቡም አያስጠላቸውም። ቆይተው ግን፣ «እኔ የምሠራላት ከዚህ አይሻልም። ይሄ ሰው ሞርሳ እንኳ የነበረው አይመስለኝም» አሉ።

እኔ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ ሽጉጥ ሳይሆን ስለ መጽሐፍ ነው። ሐረር የቆየ የድጉሰት ጥበብ አላት፤ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም የጎበኘ ያውቀዋል። የሙዚየሙ መሥራች አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ውስጥ ከጎራዴውና ከጠመንጃው ጋር ብዙ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ የተጎዳውንም እየጠገኑ አቆይተዋል። የተበላ ቅጠል ሲጠገን በጎደለው ቦታ ወረቀት ይሞላል፤ የጎደለው ፊደል ግን በግምት አይጻፍም። ቀድሞ የነበረ አንባቢ በኅዳጉ የጫረው ማስታወሻም አይፋቅም። የመጋዙ ጥርስ ለእኔ የኅዳግ ማስታወሻ ነበር።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው አልተዋጠላቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ለእርሳቸው ሽጉጧ የአባታቸው ናት፣ የአባት ዕቃ ደግሞ ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት። «አንተ ታሪክ ትላለህ፣ እኔ ውርደት ይታየኛል» አሉኝ። «አባቴ በመጋዝ የተጠገነ ነገር ታጥቆ ነበር ልበል?» መልስ አልነበረኝም። የመለሱላቸው ሽማግሌው ናቸው፤ ለዚያውም በጥያቄ። «ይሄ ብረት ሲሰበር አባትዎ መጣል ይችሉ አልነበረም?»

መተኮሱን በሚመለከት ግን ክርክር አልነበረም። ሽማግሌው በአፈሙዙ ውስጥ በመብራት አሳዩን፤ ግድግዳው ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ፊት ተቦርቡሯል። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ፣ እንዲህ በተበላ ቀጭን ብረት ውስጥ ጥይት ማፈንዳት ማለት ሠርገኛ መካከል ቦምብ ማፈንዳት ነው። ሠርጉ በእልልታ ብቻ እንዲያልፍ ተስማማን።

የሠሩላት ሥራ ጥቂት ነው። ቀዩን፣ ሕያው የሆነውን ዝገት በላምባና በናስ ብሩሽ አነሡ፤ ጥቁር ቡናማውን፣ ረግቶ ብረቱን ራሱን የሚጠብቀውን ቆዳ አልነኩትም። ለትንሿ ብረት አንዲት ሞላ ከስፌት መኪና ሽቦ ሠርተው አስገቡላት፤ ምንም ሳይሰብር በፒንሳ የምትወጣ ናት፣ እንደ ተጨመረችም በወረቀት ተጽፏል። እጀታውን በጥቂት የተልባ ዘይት አሹት። የመጋዙን ሞላ አወጡት፣ ጠረጉት፣ ቀጭን ዘይት ቀቡትና ወደ ነበረበት መለሱት። ምላጩ ሲሳብ አሁን ከበሮው ይዞራል፤ መዶሻው አሁንም በዝግታ ይመለሳል።

ራምቦስ? ማኅተሟ ከ1893 በፊት መሠራቷን ይናገራል፤ እርሱ ሐረርን በቃሬዛ ተሸክመውት የለቀቀው በሚያዝያ 1891 ነው፤ በኅዳር ማርሴይ ላይ ሞተ። ስለዚህ ዘመኑ አይከለክልም። ግን ወደ ምኒልክ የጫነው ረጃጅም ጠመንጃ ነው፤ እንዲህ ያለች የኪስ ሽጉጥ ደግሞ በሊዬዥ ብዙ ቤቶች እየሠሩ በብዛት ወደ ዓለም የላኳት ናት፤ ግብፃዊም፣ ግሪክም፣ አርመንም፣ አረብም ነጋዴ ሊያመጣት ይችላል። የፓሪሷ ሽጉጥ ያን ዋጋ ያወጣችው ቁጥሯ፣ የሻጯ ቤትና የፍርድ ቤት ታሪኳ አንድ ላይ ስለ ቆሙላት ነው። የእኛዋን የቆመላት የአያቴ ቃል ብቻ ነው። ይህን ለአጎቴ በግልጽ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «አባቴ ውሸታም አልነበረም» አሉ። እኔም አልነበሩም አልኩ። የሰሙትን ነው የነገሩን።

ባለፈው አረፋ ማግስት ቤት እንግዳ ነበረ። አጎቴ ሽጉጧን ከሣጥኗ አወጡ። ስለ ራምቦ ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ትንሿን ካቻቪቴ ከደረት ኪሳቸው አወጡና የእጀታውን እንጨት ፈቱ። እንግዳው እንዲያይ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉለት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩለት።